ኮርቲዞንና አጥንት፤ የሁለት ፍርሃቶች ሚዛን

በ1948 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር ሮቸስተር በምትባል ከተማ፣ በማዮ ክሊኒክ ውስጥ አንዲት የ29 ዓመት ሴት ተኝታ ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመም እጅና እግሯን ቈልፎ ከያዛት ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል። ከአልጋዋ ለመነሣት ቀርቶ ተኝታ ለመገላበጥ እንኳ ይቸግራት ነበር። ዶክተር ፊሊፕ ሄንች የሥራ ባልደረባቸው ኤድዋርድ ኬንዳል ከብዙ ዓመታት ድካም በኋላ ለይቶ ያወጣውን ቅመም በመርፌ ሰጧት። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ሴትዮዋ ተነሥታ ሄደች። በሳምንቱም ከሐኪም ቤቱ ወጥታ ሦስት ሰዓት ያህል በከተማው ሱቆች ስትዘዋወር ዋለች።

ቅመሙ ኮርቲዞን የሚል ስም ወጣለት። በ1950 ዓ.ም. ሄንችና ኬንዳል፣ ከስዊዘርላንዱ ኬሚስት ከታዴውስ ራይሽታይን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ከዚያ ወዲህ ከኮርቲዞን የሚበረቱ ብዙ ወንድሞች ተሠርተውለታል። በየመድኃኒት ቤቱ በሰፊው የሚታወቀው ፕሬድኒሶሎን አንዱ ነው። አስም ሲጠና፣ ኵላሊት ሲታመም፣ ሉፐስ የተባለው በሽታ ሲነሣ፣ መገጣጠሚያ ሲያብጥ፣ ሐኪሞች ይህን ትንሽ ክኒን ያዝዛሉ። ከሞት ያዳናቸውና ከዓይነ ሥውርነት የጠበቃቸው ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው።

ነገር ግን ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንትን ያሳሳል። ስለዚህ ሐኪሙ አንዳንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ማዘዣ ጋር ሁለተኛ ማዘዣ ይጽፋል፤ ይኸውም አጥንትን የሚጠብቅ መድኃኒት ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በመድኃኒቱ ሣጥን ውስጥ በደቃቅ ፊደል በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ታጥፎ ተቀምጧል። በብዙ ቤት ይህን ወረቀት አንብቦ የማስረዳት ሥራ የሚወድቀው በልጅ ላይ ነው። ተማሪው ወይም ከመሥሪያ ቤት የተመለሰው ወጣት ወረቀቱን ዘርግቶ ያነባል።

«ልጄ፣ ምን ይላል?» ትላለች እናት።

«የመንጋጭላ አጥንት ያበላሻል ይላል፣ እማዬ። ጭንም ይሰብራል ይላል።»

«እንግዲያውስ ይቅርብኝ!»

እንዲህ ተብሎ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አንድ ትልቅ ጉዳይ ይቈረጣል። ተቈረጠ እንጂ አልተመዘነም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወረቀቱን የሚያነበው ወጣት ሚዛኑን በሁለቱም በኩል እንዲያይ ማገዝ ነው።

አጥንት ሕያው ነገር ነው

አጥንትን እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር አድርገን እናስበው ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአጥንታችን ውስጥ ሌሊትና ቀን የማያርፉ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። አንደኞቹ ያረጀውን አጥንት እየናዱ ያነሣሉ፤ ሁለተኞቹ በተናደው ስፍራ አዲስ ይገነባሉ። አፍራሾቹና ገንቢዎቹ ተካክለው እስከ ሠሩ ድረስ ቤቱ ይታደሳል እንጂ አይጐዳም።

ፕሬድኒሶሎን ይህን እኩልነት ያዛባል። የአፍራሾቹን ዕድሜ ያራዝማል፤ የገንቢዎቹን ቍጥር ይቀንሳል፤ ከነሱም ብዙዎቹ ያለ ጊዜያቸው እንዲሞቱ ያደርጋል። በዚህም ላይ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን የመውሰድ ኃይሉ ይደክማል፤ ኵላሊትም ካልሲየሙን ከሽንት ጋር ያፈሰዋል። የጭንና የዳሌ ጡንቻም ስለሚደክም ሰውየው በቀላሉ ይወድቃል። የሳሳ አጥንት የያዘ ሰው መውደቅ ሲያበዛ ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም።

ይህ ጉዳት ኮርቲዞን ለሕክምና ከመዋሉ አስቀድሞ የታየ ነው። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ1932 ዓ.ም. ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ ሲገልጽ ሕሙማኑ ፊታቸው እንደ ሙሉ ጨረቃ የከበበ፣ አጥንታቸውም የሳሳ መሆኑን ጽፎ ነበር። የእነዚህ ሰዎች አካል ራሱ ይህንኑ ቅመም ከመጠን በላይ ያመነጭ እንደ ነበር በኋላ ታወቀ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ግን የጉዳቱ ዝምታ ነው። የአጥንት መሳሳት አያምም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳው የጀርባ አከርካሪ ሲሆን፣ አንዱ አከርካሪ እንደ ተረገጠ ቅርጫት ተጨፍልቆ ሳለ ሰውየው «ወገቤን ትንሽ አመመኝ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቍመቱ ሲያጥርና ጀርባው ሲጐብጥ ነው ነገሩ የሚታወቀው። ያን ጊዜ የተጨፈለቀው አከርካሪ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም።

ቍጥሩ ምን ይላል?

በብሪታንያ የተደረገና በ2000 ዓ.ም. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። እንዲህ ያለውን ክኒን የሚወስዱ 244,235 ሰዎች፣ ክኒኑን ከማይወስዱ እኩል ቍጥር ካላቸው ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። በቀን ከ2.5 ሚሊግራም በታች ፕሬድኒሶሎን በሚወስዱት ላይ የአከርካሪ ስብራት ከሌሎቹ 1.55 ጊዜ ያህል ነበር። ከ2.5 እስከ 7.5 ሚሊግራም በሚወስዱት ላይ 2.6 ጊዜ ያህል ሆነ። ከ7.5 ሚሊግራም ጀምሮ ያለውን በሚወስዱት ላይ ደግሞ 5 ጊዜ አለፈ። የዳሌ ስብራትም መጠኑ ከፍ ባለው ክፍል ከእጥፍ በላይ ነበር።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ አደጋው የሚጀምረው ከዓመታት በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ነው። ስለዚህ «እስቲ አንድ ሁለት ዓመት ልየው» ማለት ሌባው ከገባ በኋላ በር እንደ መዝጋት ይሆናል። ሁለተኛው የሚያጽናና ነው፤ ክኒኑ በሐኪም ትእዛዝ ሲቆም አደጋው ፈጥኖ ይቀንሳል።

ነገሩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ማዕከል ነው። የሥጋ ደዌ ሕሙማን የገዛ አካላቸው ተቈጥቶ ነርቫቸው ሲያብጥ፣ እጅና እግራቸው እንዳይሰናከል የሚሰጣቸው ዋናው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ቍጣው እየተመላለሰ በሚነሣባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ነርቭን ለማዳን የተሰጠው ክኒን በአጥንት በኩል ዕዳ እንዳያመጣ መጠበቅ እዚህም የሐኪሙና የሕመምተኛው የጋራ ሥራ ነው።

ከውኃ ቧንቧ ወደ አጥንት

አጥንትን ከሚጠብቁት መድኃኒቶች መካከል በብዛት የሚታዘዙት ቢስፎስፎኔት የሚባሉት ናቸው። አሌንድሮኔት፣ ራይዝድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ ከዚሁ ወገን ናቸው። ታሪካቸው የሚያስደንቅ ነው። ይህን የመሰሉ ፎስፎረስ ያለባቸው ቅመሞች ከሕክምና በፊት ይሠራባቸው የነበረው በፋብሪካ ሲሆን፣ በውኃ ቧንቧ ውስጥ ነጭ የኖራ ቅርፊት እንዳይጋገር ይከላከሉ ነበር። በስዊዘርላንድ ይኖር የነበረው ሐኪም ሄርበርት ፍላይሽና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ ዓመታት በሰው ደምና ሽንት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር መኖሩን አዩ። ይህን መነሻ ይዘው ሲመራመሩ፣ ቢስፎስፎኔት በአጥንት ላይ ተጣብቆ አፍራሾቹን ሕዋሳት እንደሚያዳክም ደረሱበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። አፍራሹ ሕዋስ አጥንቱን ሲበላ ቅመሙን አብሮ ይበላና ኃይሉ ይደክማል። መድኃኒቱ አዲስ አጥንት ሠሪ አይደለም፤ የመፍረሱን ሥራ የሚያዘገይ ነው።

አሌንድሮኔት በአሜሪካ አገር ለአጥንት መሳሳት የተፈቀደው በ1995 ዓ.ም. ነበር። በ1998 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ መድኃኒት በሚወስዱ 477 ሰዎች ላይ ፈተነው። 48 ሳምንት ሲሞላ በቀን 10 ሚሊግራም አሌንድሮኔት የወሰዱት የጀርባ አጥንታቸው ጥግግት ከመቶ 2.9 ጨመረ፤ ባዶውን ክኒን የወሰዱት ግን ከመቶ 0.4 ቀነሰባቸው።

እውነተኛው ጥያቄ ግን ስብራት ቀነሰ ወይ የሚለው ነው። በ2016 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ የመዘነ ሥራ ወጣ። ቢስፎስፎኔት ካልወሰዱ 1,000 ሰዎች መካከል 77ቱ አዲስ የአከርካሪ ስብራት ሲደርስባቸው፣ ከወሰዱት 1,000 መካከል የተሰበሩት 44 ነበሩ። የተጠኑት ሰዎች የተከታተሏቸው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ያህል ነው። ቍጥሩን በቅንነት እናንብበው። 33 ሰዎች ከስብራት ድነዋል፤ ይህ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን 923ቱ መድኃኒቱን ባይወስዱም በዚያ ጊዜ ውስጥ አከርካሪያቸው አይሰበርም ነበር። ከአከርካሪ ውጭ ባሉት አጥንቶች ላይ ደግሞ ጥናቱ ጐልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ «ሁሉም ይውሰደው» ማለትም፣ «ማንም አይውሰደው» ማለትም ትክክል አይሆንም። ጥያቄው ማን ይውሰደው የሚል ነው።

በወረቀቱ ላይ ያሉት አራት ፍርሃቶች

*ጉሮሮና ጨጓራ።* በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። የአሌንድሮኔት ክኒን በምግብ መውረጃ ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ያቃጥላል፤ ያቈስላልም። መከላከያው ቀላል ቢሆንም በጥብቅ መፈጸም አለበት። ክኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል። በቡና፣ በሻይ፣ በወተት ወይም በአምቦ ውኃ አይዋጥም። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መተኛትም መብላትም አይገባም፤ ተቀምጦ ወይም ቆሞ መቆየት ነው። የጠዋቷ ቡና ግማሽ ሰዓት ትታገሥ! ክኒኑ በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ ሆኖ መሠራቱ ነገሩን አቅልሎታል። መዋጥ የሚቸግረው፣ የምግብ መውረጃው የታመመበት ወይም ቀጥ ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው ግን ይህን ክኒን አይወስድም።

*ትኵሳትና የሰውነት መቈርጠም።* ይህ በተለይ ዞሌድሮኒክ አሲድ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር ሲሰጥ የሚመጣ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ከሦስት ሰው ለአንዱ ያህል ጉንፋን የመሰለ ስሜት ይመጣበታል፤ በሦስት ቀን ያህል ጊዜም ይለቀዋል። በሚቀጥለው ዓመት ብዙውን ጊዜ ይቀላል። ኵላሊቱ በጣም ለደከመ ሰውና በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ለወረደበት ሰው ግን አይሰጥም። ስለዚህ አስቀድሞ የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

*የመንጋጭላ አጥንት መሞት።* ሰውን ሁሉ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በክብሪት ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በነጭ ፎስፎረስ ጢስ ምክንያት መንጋጭላቸው ይበሰብስ ነበር፤ በለንደን በ1888 ዓ.ም. ሴቶቹ የክብሪት ሠራተኞች ባደረጉት አድማ ይህ በሽታ ከፍ ብሎ ተነሥቷል። በ1906 ዓ.ም. በበርን ከተማ በተፈረመ ውል መንግሥታት ነጩን ፎስፎረስ ከክብሪት ሥራ ለማስወገድ ተስማሙ። ቢስፎስፎኔት ከነጭ ፎስፎረስ የተለየ ነገር ቢሆንም፣ በ2003 ዓ.ም. ዶክተር ሮበርት ማርክስ የተባሉ አሜሪካዊ የአፍ ቀዶ ሐኪም ተመሳሳይ ጉዳት ያዩባቸውን 36 ሕሙማን ሲገልጹ ዓለም ደነገጠ።

ይሁን እንጂ ከነዚያ ሕሙማን የሚበዙት ካንሰር የያዛቸው ነበሩ። ለካንሰር ሕሙማን ዞሌድሮኒክ አሲድ በየወሩ ገደማ 4 ሚሊግራም ይሰጣል። ለአጥንት መሳሳት ግን በዓመት አንድ ጊዜ 5 ሚሊግራም ነው። በዓመት ሲደመር የመጀመሪያው ከሁለተኛው ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን ይህ ጉዳት የሚደርሰው መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት ከወሰዱ 10,000 ሰዎች በአንዱ ወይም ከዚያም ባነሰ ቍጥር ላይ እንደ ሆነ ባለሙያዎች ገምተዋል። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው አደጋው ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ብርቅ መሆኑ አይቀርም። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ስለ ሆነ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ለጥርስ ሐኪም መታየትና የሚነቀለውን አስቀድሞ ማስነቀል ይበጃል።

*የጭን አጥንት ስብራት።* ስብራትን የሚከላከል መድኃኒት ራሱ ይሰብራል መባሉ እንቈቅልሽ ይመስላል። ነገሩ እውነት ነው። አፍራሾቹ ሕዋሳት ለብዙ ዓመታት ሲዳከሙ፣ አጥንቱ ትንንሽ ስንጥቆቹን የሚጠግንበት ዕድሳት ይዘገያል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የጭን አጥንት ያለ ከባድ አደጋ ሊሰበር ይችላል። በ2020 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ቢስፎስፎኔት የወሰዱ 196,129 ሴቶችን ታሪክ የመረመረ ጥናት 277 እንዲህ ያሉ ስብራቶች አገኘ። መድኃኒቱን ለሦስት ዓመት በወሰዱ 10,000 ነጭ ሴቶች መካከል 149 የዳሌ ስብራት ሲድን፣ በመድኃኒቱ ምክንያት የሚመጣው የጭን ስብራት 2 እንደ ሆነ ተሰላ። በእስያ ተወላጆች ዘንድ ደግሞ የዳነው 91፣ የመጣው 8 ነበር። ሚዛኑ በሁለቱም ዘንድ ወደ ጥቅሙ ያደላል፤ መጠኑ ግን ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል።

ይኸው ጥናት መደበቅ የማይገባው ነገርም አሳይቷል። ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ መድኃኒት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰዱት ሴቶች የዚህ ስብራት አደጋ ከእጥፍ በላይ ሆኖባቸዋል። ቢስፎስፎኔት የሚወሰድበት ዘመን ሲረዝምም አደጋው ይጨምራል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ «ከተጀመረ ዕድሜ ልክ ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም። አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላ ጉዳዩን ከሐኪም ጋር እንደገና መመዘን ያስፈልጋል። ደግሞም ይህ ስብራት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፤ በጭን ወይም በብሽሽት ላይ ለሳምንታት የሚቆይ ድብን ያለ ሕመም ከተሰማ ሳይዘገዩ ለሐኪም መንገርና ራጅ መነሣት ነው።

ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ሚዛን

አሁን ሚዛኑን በምሳሌ እንየው።

አንዲት የ63 ዓመት እናት ለመገጣጠሚያ ሕመም በየቀኑ 10 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ይወስዳሉ እንበል። ከሁለት ዓመት በፊት በደጃፋቸው አዳልጧቸው ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር። ዕድሜያቸው፣ የክኒኑ መጠንና የቀድሞው ስብራት፣ ሦስቱም በአንድ ወገን ይከብዳሉ። ኵላሊታቸውና ካልሲየማቸው ደኅና ከሆነ፣ ጥርሳቸውም ከታየ፣ የአጥንት መድኃኒቱ ጥቅም ከጉዳቱ እጅግ ይበልጣል። በእኚህ እናት ዘንድ «ይቅርብኝ» ማለት አደጋን መሸሽ አይሆንም፤ ትልቁን አደጋ መምረጥ ነው።

ሁለተኛዋ በሉፐስ ምክንያት ያንኑ 10 ሚሊግራም የምትወስድ የ22 ዓመት ተማሪ ናት እንበል። ተሰብራ አታውቅም። የወጣት አጥንት ጠንካራ ነው፤ አንድ ትንሽ አደጋ በአምስት ቢባዛም ትንሽ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ቢስፎስፎኔት በአጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ ይቆያል፤ ወደ ፊትም ልትወልድ ትችላለች። ለእርሷ አስቀድሞ የሚመከረው ካልሲየም፣ ቪታሚን ዲና የፕሬድኒሶሎኑን መጠን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ነገር ግን አከርካሪዋ ተጐድቶ ቢገኝ፣ ወይም በየቀኑ 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከአንድ ወር አልፎ የምትወስድ ቢሆን ሚዛኑ ይለወጣል።

ሦስተኛው አስም ሲነሣበት በዓመት አንድ ጊዜ ለአምስት ቀን ክኒን የሚውጥ ወጣት ጸሓፊ ነው። ለዚህ የአጥንት መድኃኒት አያስፈልገውም። ሆኖም አምስቱ ቀን በዓመት ስድስትና ሰባት ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ድምሩ ይከብዳልና ለሐኪሙ መንገር አለበት። በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት በየቀኑ ሳያቋርጥ ቢወስድ፣ መጠኑ ትንሽ ሆኖ በቀጥታ ሳንባው ላይ ስለሚሠራ ክኒን የሚያስፈልግበት ጊዜ ይቀንስለታል።

ሌሎቹ መድኃኒቶች

ቢስፎስፎኔት የማይስማማው ሰው ሌላ መንገድ አለው። ቴሪፓራታይድ በየቀኑ በመርፌ የሚወሰድ ሲሆን፣ የገንቢዎቹን ሕዋሳት ሥራ ያበረታል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ መድኃኒት በሚወስዱ 428 ሰዎች ላይ ከአሌንድሮኔት ጋር አወዳደረው። በ18 ወር ውስጥ አዲስ የአከርካሪ ስብራት የደረሰባቸው ከቴሪፓራታይድ ወገን ከመቶ 0.6፣ ከአሌንድሮኔት ወገን ከመቶ 6.1 ነበሩ። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ በየቀኑ መወጋቱም ለሁሉ አይመችም።

ዴኖሱማብ ደግሞ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። ይህ መድኃኒት ቀጠሮ ማፍረስን አይታገሥም። ሌላ መድኃኒት ሳይተካ በድንገት ከቆመ አጥንቱ ፈጥኖ ይሳሳል፤ ብዙ አከርካሪዎችም በአንድ ጊዜ ሊሰበሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሚጀምር ሰው ቀጣዩን መርፌ ከየት እንደሚያገኝና በምን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይወቅ።

ከመድኃኒቱ በፊትና ከመድኃኒቱ ጋር

ከሁሉ የሚበልጠው የአጥንት ጥበቃ ፕሬድኒሶሎንን ለበሽታው በሚበቃው ዝቅተኛ መጠንና በሚበቃው አጭር ጊዜ መውሰድ ነው። በሥጋ ደዌ ምክንያት ነርቫቸው በተጐዳ የእስያ ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2017 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ የ32 ሳምንት ሕክምና ከ20 ሳምንቱ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። ሳይጐድል የሚያጥር ነገር ካለ ማሳጠር ነው።

ነገር ግን ማሳጠር የሐኪሙ ሥራ ነው። ማንም ሰው ፕሬድኒሶሎንን በራሱ ፈቃድ በድንገት አያቁም! ክኒኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ከኵላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ሥራቸውን ትተው ይተኛሉ። ክኒኑ በአንድ ቀን ከተቋረጠ ሰውነት ያለ ረዳት ይቀራል፤ ደም ይወርዳል፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ስለ አጥንቱ ፈርቶ ክኒኑን የጣለ ሰው ከትንሹ እሳት ወደ ትልቁ ዘለለ ማለት ነው።

ለአዋቂ ሰው በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም ካልሲየምና ከ600 እስከ 800 ዩኒት ቪታሚን ዲ ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው። ጤፍም ከብዙዎቹ እህሎች ይልቅ በካልሲየም የተሻለ ነው። ወተት በማይጠጣበት በጾም ወራት ጐመንና ሰሊጥ ቦታውን በከፊል ይሸፍናሉ፤ ካልበቃ ሐኪሙ ክኒን ያዝዛል። የካልሲየሙ ክኒን ግን ከአሌንድሮኔት ጋር በአንድ ጊዜ አይዋጥም፤ ያንኛውን ከአንጀት እንዳይገባ ያግደዋልና። በእግር መሄድ ለአጥንትም ለጡንቻም ይበጃል። ሲጋራና ብዙ መጠጥ ሁለቱንም ይጐዳሉ። በቤት ውስጥም የሚያዳልጠውን ወለልና የጨለመውን ደረጃ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሕክምና ነው።

ወረቀቱ የማይነግረው

የመድኃኒቱ ወረቀት መድኃኒቱን በመውሰድ የሚመጣውን ሁሉ ይዘረዝራል። ባለመውሰድ የሚመጣውን ግን አይዘረዝርም። ጉዳዩን ሳይመዝን የሚቀርበው ከዚህ የተነሣ ነው። ደግሞም መቶ ሰው የሚያገኘውንና አሥር ሺህ ሰው ሙሉ አንዴ የሚያገኘውን በአንድ ዓይነት ፊደል ጐን ለጐን ያትማል። አንባቢው «አልፎ አልፎ» እና «እጅግ አልፎ አልፎ» የሚሉትን ቃላት ለይቶ ይያቸው። በአውሮፓ የመድኃኒት ወረቀቶች ልማድ «እጅግ አልፎ አልፎ» የሚባለው ከ10,000 ሰው ከአንድ ያነሰ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ለእናቱ ወይም ለአባቱ የሚያነብ ወጣት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በማስታወሻው ላይ ጽፎ ወደ ሐኪሙ ይሂድ። ፕሬድኒሶሎኑ ስንት ሚሊግራም ነው፤ እስከ መቼስ ይቀጥላል? መቀነስ ይቻላል ወይ? እስከ ዛሬ የተሰበረ አጥንት ወይም ያጠረ ቍመት አለ ወይ? የኵላሊትና የካልሲየም ምርመራ ተደርጓል ወይ? ጥርስስ ታይቷል ወይ? የአጥንት መድኃኒቱ ከተጀመረ እንደገና የሚመዘነው በስንት ዓመት ነው? የአጥንትን ጥግግት የሚለካው መሣሪያ በየሐኪም ቤቱ የሚገኝ ባይሆንም፣ ከእነዚህ መልሶች ሐኪሙ ብዙ ነገር መገመት ይችላል።

የተጻፉት ጉዳቶች እውነት ናቸው፤ «ምንም አይልሽም» ብሎ ማባበልም ትክክል አይደለም። የሚገባው ሁለቱንም ቍጥር ማስረዳት ነው፤ «እማዬ፣ መንጋጭላን የሚነካው ከአሥር ሺህ ሰው አንድ ነው፤ ዝም ካልን ግን ወገብሽ የመሰበሩ ነገር ከዚያ እጅግ የቀረበ ነው» ማለት። ከዚያ በኋላ «እሺ» ብትልም፣ «ይቅርብኝ» ብትልም፣ አውቃ የመረጠችው ይሆናል።